ከሆስፒታል የወጣን ቤተሰብ በቤት ውስጥ ማስታመም

ሐኪም ታማሚውን ወደ ቤት የሚያሰናብተው ሕክምናው ስላበቃ ሳይሆን፣ የቀረው ክትትል በቤት ሊከናወን ይችላል ብሎ ስላመነ ነው። ነርሶች በፈረቃ ሲሠሩት የነበረው ሥራ ከዚያ በኋላ በአስታማሚው እጅ ይወድቃልና፣ ርክክቡ በመውጫው ሰዓት ጥድፊያ ሳይሆን ቀደም ብሎ ቢጀመር ይመረጣል። የትኛው መድኃኒት አዲስ እንደታዘዘ፣ የትኛው እንደተቋረጠ፣ የትኛውስ መጠኑ እንደተለወጠ፣ ፋሻው መቼና እንዴት እንደሚቀየር፣ ሌሊት ችግር ቢፈጠር ለማን እንደሚደወል ይጠይቁ። የተነገረዎትንም በራስዎ አነጋገር መልሰው ለባለሙያው ያስረዱ፤ በደንብ ያልተረዱት ነገር ካለ ያን ጊዜ ይታወቃል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው፣ በእኔ ግምት፣ የመድኃኒት መደበላለቅ ነው። ታማሚው ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት ይወስዳቸው የነበሩት እንክብሎች ቤት ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ፤ አዲሶቹ ሲጨመሩ ያው አንዱ መድኃኒት በሁለት የተለያዩ የንግድ ስሞች በእጥፍ ሊወሰድ ይችላል። ስለዚህ ያለውን ሁሉ አንድ ቦታ ሰብስበው ከመውጫ ወረቀቱ ጋር ስም በስም ያመሳክሩ፤ የተቋረጠውንም ለይተው ያርቁ። ፓራሲታሞል ብዙ ጊዜ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በበርካታ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ስለሚገኝ ሳይታወቅ ይደራረባል። አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም በላይ መውሰድ የለበትም፤ ክብደቱ አነስተኛ ለሆነ ወይም ጉበቱ ለታመመ ሰው ገደቡ ከዚህም ዝቅ ይላል። እንደ ትራማዶልና ሞርፊን ያሉ ጠንካራ ማስታገሻዎች ደግሞ ሆድ ያደርቃሉ፤ ታማሚው አፍሮ ላይናገር ስለሚችል አስታማሚው ራሱ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ከፍቅር ብዛት የሚሠራ ስህተት ቢኖር ታማሚው ከአልጋ እንዳይነሣ መከልከል ነው። ያለ እንቅስቃሴ መተኛት ጡንቻን ያሰልላል፣ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ መንገድ ይከፍታል፣ ሳንባንም ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ሐኪሙ ካልከለከለ በስተቀር ታማሚው በቀን ደጋግሞ ጥቂት ጥቂት ይራመድ፤ ፊቱን መታጠብም ሆነ ልብሱን መልበስ የሚችል ከሆነ ቢዘገይም እንኳ ራሱ ያድርገው። ሲነሣ ግን በቅድሚያ አልጋው ጫፍ ላይ ጥቂት ይቀመጥ፤ ከተኙበት በድንገት መቆም የደም ግፊትን ዝቅ አድርጎ ራስን ያዞራልና። ወደ መጸዳጃ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ምንጣፍና ገመድ ይነሣ፤ ሌሊትም መብራት ይኑር። ራሱን ማገላበጥ የማይችልን ሰው፣ ሐኪሙ ሌላ ካላዘዘ፣ በየ2 ሰዓቱ ገደማ ጎን ያስለውጡት፤ ተረከዙን፣ ዳሌውንና የወገቡን ታች ይመልከቱ። በጣት ሲጫኑት የማይጠፋ ቅላት የአልጋ ቁስል መጀመሪያ ነው።

ምግብን በተመለከተ፣ ቁስል እንዲሽር ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ የምግብ ፍላጎቱ ለቀነሰ ሰው ጥቂት ጥቂቱን ደጋግሞ ማቅረብ ይሻላል። ልቡን ወይም ኩላሊቱን የታመመ ሰው ግን የሚጠጣው ፈሳሽ ሊለካ ስለሚችል በዘፈቀደ «ጠጣ» ብሎ ማስገደድ አይገባም። ጠያቂ ሲበዛ ታማሚው ይደክማል፤ ጉብኝቱን ማሳጠርና እጅ ማስታጠብ እንደ ነውር መታየት የለበትም። አስታማሚውም ተተኪ ያስፈልገዋል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው የመድኃኒት ሰዓት ይሳሳታል።

አንዳንድ ምልክቶች እስከ ቀጠሮው ቀን አያቆዩም። የቁስሉ ዙሪያ ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ካመጣ፣ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ወይም አንደኛው ባት ብቻ አብጦ ካመመ በዚያው ቀን ለሐኪም ያሳውቁ። በአረጋዊ ሰው ላይ በድንገት የሚመጣ መቃዠትና ግራ መጋባትም የዕድሜ ነው ተብሎ አይታለፍ፤ የኢንፌክሽን ወይም የመድኃኒት ውጤት ሊሆን ይችላልና በአስቸኳይ ይመርመር። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም ከታየ ግን ስልክ ደውሎ ምክር መጠየቅም ጊዜ ማባከን ስለሆነ፣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።