ጨርቅ በክንድ ስትገዙ

ሸማኔ ጋ ወይም ገበያ ላይ "ስንት ክንድ ልስጥህ?" ከተባላችሁ አትደናገጡ። ክንድ ማለት ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ ያለው ርዝመት ነው። በግምት ግማሽ ሜትር ያዙት፤ ስለዚህ የተባለውን ክንድ ለ2 አካፍሉ፣ ሜትሩን ታገኛላችሁ። 8 ክንድ ወደ 4 ሜትር ይሆናል ማለት ነው።

ግን የማን ክንድ? ዋናው ጣጣ እዚህ ላይ ነው። የአንዱ 50 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ የሌላው 45 ላይ ሊቀር ይችላል፣ እና 10 ክንድ ስትገዙ ልዩነቱ ግማሽ ሜትር ይደርሳል፣ ይህ ደግሞ ቀሚስ ለሚያሰፋ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ረጅም ሰው ይለካልኝ ማለት ድሮም የነበረ ብልሃት ነው፣ ነጋዴው ደስ ባይለውም።

ስለዚህ ዛሬውኑ የልብስ ሰፊ ሜትር ፈልጉና የራሳችሁን ክንድ ለኩ። ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ከዚያ በኋላ ሻጩ ለክቶ ሲጨርስ በራሳችሁ ክንድ መልሳችሁ ቁጠሩና በቁጥራችሁ አባዙት፦ የእናንተ 47 ከሆነና 9 ጊዜ ከገባ 4 ሜትር ከ23 ሴንቲ ነው፣ አለቀ።

ለአጭር ነገር ስንዝር ይበቃል፣ የክንድ ግማሽ ገደማ ነው። ጋት ደግሞ አራት ጣት ጎን ለጎን ሲገጠም ያለው ስፋት ነው፤ የጥለት ስፋት ለማየት ይመቻል። ስትለኩ ጨርቁን አትወጥሩት፣ በተለይ የእጅ ሥራ ከሆነ ይለጠጥና ያሳስታችኋል።