ቆርቆሮ ስትገዙ ጌጁን ብቻ አትዩ

ቤት ልትከድኑ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ያዙ፦ የጌጅ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። 35 ጌጅ ከ28 ጌጅ ይቀጥናል፣ በእጅ ሲጫኑት እንኳ እጥፍ ይላል። ለአጥር ወይም ለጊዜያዊ መጠለያ ይሆናል፤ የመኖሪያ ቤት ጣሪያ ላይ ግን በረዶም ይወርድበታል፣ ጠጋኝም ይወጣበታልና አቅማችሁ ከቻለ 28ን ምረጡ። ሻጩን ውፍረቱን በሚሊሜትር ጠይቁት።

ብዙ ሰው የሚረሳው የዚንክ ልባሱን ነው። ዜድ 275 ከተባለ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ፣ የሁለቱ ፊት ተደምሮ፣ 275 ግራም ዚንክ አለው ማለት ነው፤ ዜድ 100 ግን 100 ግራም ብቻ። ዕድሜውን የሚወስነው ይሄ ነው፣ ዚንኩ ራሱ እየተበላ ብረቱን ከዝገት ያተርፋል።

ሞገድ ያለው ቆርቆሮ ለተራ ጣሪያ ይበቃል። ኢጋ (ጉብታው ክብ ሳይሆን ማዕዘን ያለው ቆርቆሮ) ሰፋ ላለ ጣሪያና ለመጋዘን፣ ዝርግ ላሜራ ደግሞ ለአሸንዳና ለበር ነው። (ላሜራ ስትበይዱ አየር ያለበት ቦታ ይሁን፣ የዚንክ ጭስ ያማል።)

ምስማሩን ጉብታው ላይ ምቱ፣ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ በጭራሽ! ርጥብ ቆርቆሮም ደራርባችሁ አታስቀምጡ፣ በመካከሉ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ያወጣና ዚንኩን ይጨርሰዋል።