የድሮ ጌም ከመጀመራችሁ በፊት ባትሪውን ፈትሹ

ክሮኖ ትሪገርን በኦሪጅናሉ የሱፐር ኒንቴንዶ ካሴት ልትጫወቱ ነው? እሰየው! ከዚያ የተሻለ ጌም ብዙም አላውቅም። ግን መጀመሪያ ባትሪውን ፈትሹ።

በዚያ ዘመን ካሴቶች ውስጥ ሴቭ ያደረጋችሁትን የምትይዘው ባለ 3 ቮልት ትንሽ ክብ ባትሪ ናት። ጌሙ የወጣው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው፤ ባትሪዋ ካልተቀየረች ዕድሜዋን አስቡት። ክፋቱ፣ ባትሪዋ ብትሞትም ጌሙ ያለ ችግር ይከፈታል። ሙዚቃውም ሥዕሉም ያው ነው። ስታጠፉት ግን የስንት ሌሊት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

ስለዚህ ትንሽ ተጫወቱና ሴቭ አድርጉ። አጥፍታችሁ ካሴቱን ንቀሉት፣ ይደር። በማግስቱ ሴቩ ከሌለ ባትሪዋ ትቀየር። ከቦርዱ ጋር የተበየደች ስለሆነች፣ ብየዳ የማትችሉ ከሆነ ለኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ስጡት። ስትነሳ የድሮው ሴቭ አብሮ እንደሚጠፋም እወቁ።

ፖኬሞን ጎልድና ሲልቨር ላይ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። ውስጣቸው ሰዓት ስላለ ባትሪ ቶሎ ይጨርሳሉ። የፕሌይስቴሽን ሜሞሪ ካርድ ባትሪ የለውም፣ በዚህ በኩል አታስቡ።

በመጀመሪያው ኒንቴንዶ ፋይናል ፋንታሲን የምትጫወቱ ደግሞ፣ ስታጠፉ ሪሴትን ተጭናችሁ ያዙ፤ ፓወሩን ካጠፋችሁ በኋላ ልቀቁት። ሴቩ እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ይሄ ነው።