ፊት ሲነድ፦ የአለርጂ ክኒን መቼ ይሠራል፣ መቼስ አይሠራም?

ፊቱ የነደደበት ሰው ብዙ ጊዜ በቀጥታ ፋርማሲ ገብቶ ሴትሪዚን የተባለውን የአለርጂ ክኒን «ስጡኝ» ይላል። ሴትሪዚንና መሰሎቹ (ፀረ ሂስታሚን ይባላሉ) የሚከላከሉት ሂስታሚን የተባለውን፣ ሰውነት በአለርጂ ጊዜ የሚለቀውን ኬሚካል ነው። ቃጠሎውን ያመጣው ሌላ ነገር ከሆነ እምብዛም አይረዱም። ስለዚህ ከመዋጥዎ በፊት ነገሩ ከምን ቀጥሎ እንደመጣ ያስታውሱ። በጠይም ፊት ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ከመስታወቱ ይልቅ ሙቀቱንና መለብለቡን ይመኑ።

«ዓሣ በልቼ ብዙም ሳይቆይ ፊቴና አንገቴ ጋለ፣ ራሴን አመመኝ፣ ልቤ ይመታል»

ቱና፣ ማኬሬል ወይም ሰርዲን ከማቀዝቀዣ ውጭ ሲቆይ ባክቴሪያ በሥጋው ውስጥ ያለውን ሂስቲዲን የተባለ ንጥረ ነገር ወደ ሂስታሚን ይለውጠዋል። ሂስታሚን ደግሞ በእሳት አይጠፋም፤ ቢጠበስም ቢቀቀልም ያው ነው። ብዙዎች ከዚያ በኋላ «ለዓሣ አለርጂ ነኝ» ብለው ዕድሜ ልካቸውን ይተዉታል፤ ሂስታሚኑ የመጣው ግን ከተበላሸው ዓሣ ነው። እዚህ ላይ ፀረ ሂስታሚን ትክክለኛ ቦታው ነው፤ ሕመሙም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ያልፋል። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ግን ክኒኑ ይሠራል ብለው አይጠብቁ። የሚያስፈልገው የአድሬናሊን መርፌ ነውና ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

«ቫንኮማይሲን በደም ሥሬ ሲገባ ፊቴ ነደደ፣ አሳከከኝ»

ቫንኮማይሲን ባክቴሪያ የሚያጠፋ መድኃኒት (አንቲባዮቲክ) ነው፤ በፍጥነት ሲገባ በሰውነት የተከማቸው ሂስታሚን ይለቀቃል። ወዲያው ለነርሷ ይንገሩ። መድኃኒቱ ይቆማል፣ ፀረ ሂስታሚን ይሰጣል፣ ከዚያ በዝግታ ይቀጥላል፤ 1 ግራም ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ መግባት የለበትም።

«ናያሲን በዋጥኩ ቁጥር ፊቴ ይለበለባል»

ናያሲን ለደም ቅባት የሚሰጥ ቫይታሚን ቢ3 ነው። ቃጠሎው በብዛት የሚመጣው ፕሮስታግላንዲን ዲ2 ከተባለ ሌላ ኬሚካል ነው፤ ሴትሪዚን የማይረዳውም ለዚህ ነው። ሐኪም ከፈቀደ ከናያሲኑ ግማሽ ሰዓት በፊት አስፒሪን መውሰድ፣ ከምግብ ጋር መዋጥ፣ በዚያ ሰዓት ትኩስ መጠጥና አልኮል መተው ይረዳል። ተመራማሪዎች ይህንኑ ፕሮስታግላንዲን የሚያግድ ላሮፒፕራንት የተባለ መድኃኒት ከናያሲን ጋር አቀናጅተው ከ25,000 በላይ ሰዎች ላይ ሞክረው ነበር። የልብ ሕመምንና ስትሮክን ስላልቀነሰ፣ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳትም ስላበዛ በ2013 እ.ኤ.አ. ከገበያ ወጣ።

«አንድ ቢራ እንደቀመስኩ ፊቴ ይቀላል»

ይህ በቻይና፣ በጃፓንና በኮሪያ ሕዝቦች ዘንድ እጅግ የተለመደ ነው፤ ከምሥራቅ እስያውያን ከሦስት አንዱ ገደማ አለበት። አልኮል ሲፈጭ የሚወጣውን አሴታልዴሃይድ የሚያስወግደው ኢንዛይም በውርስ ደካማ ስለሆነ መርዙ ይከማቻል፣ ሂስታሚንንም ይቀሰቅሳል። በ1988 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ዳይፊንሃይድራሚን የተባለው የአለርጂ መድኃኒትና ሲሜቲዲን የተባለው የጨጓራ መድኃኒት አብረው ሲሰጡ መቅላቱን እንደሚቀንሱ አሳይቷል። ዛሬ ብዙ ወጣቶች ከመጠጣታቸው በፊት ፋሞቲዲን የተባለውን የሲሜቲዲን ዓይነት የጨጓራ መድኃኒት የሚውጡት ለዚህ ነው። ይህ በእውነት ያሳስበኛል። ክኒኑ መቅላቱን ይሸፍናል እንጂ አሴታልዴሃይዱን አያስወጣም፤ እነዚህ ሰዎች ሲጠጡ ደግሞ በምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር የመያዝ አደጋቸው ከሌላው ከፍ ያለ ነው። መፍትሄው አለመጠጣት፣ ቢያንስ እጅግ መቀነስ ነው። ፋሞቲዲንን ለጨጓራው የሚወስድ ሰውም መቅላቱ ስለቀረ ብቻ ሰውነቴ አልኮልን ለመደ ብሎ መጠኑን አይጨምር።