የትራምፕና የኮሎራዶ ጉዳይ፦ በዕጩነት ክርክር የተሰጠን ውሳኔ እንዴት እናንብብ?

አንድ ዕጩ ከድምፅ መስጫ ወረቀት ይሰረዝ ወይስ አይሰረዝ በሚል ክርክር የተሰጠን ውሳኔ ከዜና ርእስ ብቻ የሚረዳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይሳሳታል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 2024 በትራምፕና በአንደርሰን ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ለዚህ ጥሩ መለማመጃ ነው፤ በኮሎራዶ ከተሞች በዴንቨርና በኦሮራ ድምፅ ለሚሰጡ ወገኖቻችን ደግሞ የገዛ ወረቀታቸው ጉዳይ ነበር።

በቅድሚያ መዝገቡ የመጣበትን መንገድ ይከተሉ። አንደርሰንን ጨምሮ ስድስት የኮሎራዶ መራጮች፣ ምለው ሹመት ከያዙ በኋላ በዐመፅ የተሳተፉ ሰዎችን ዳግም ከሥልጣን የሚያግደውን የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 14ኛ ማሻሻያ አንቀጽ 3 ጠቅሰው ክስ አቀረቡ። የዴንቨሩ ፍርድ ቤት ትራምፕ በዐመፅ፣ ማለትም ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 በኮንግረስ ሕንፃ ላይ ከተፈጸመው ጥቃት ጋር በተያያዘ፣ ተሳትፈዋል፣ ነገር ግን አንቀጹ ፕሬዚዳንትን አይመለከትም አለ፤ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ዲሴምበር 19 ቀን 2023 በ4 ለ 3 ድምፅ ይህንን ሽሮ ስማቸው እንዳይካተት ወሰነ።

ቀጥሎ ጭብጡን ይለዩ፤ ዋናው ሥራ ይህ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመለሰው፣ አንድ ግዛት ይህን አንቀጽ በፌዴራል ሥልጣን ዕጩ ላይ ማስፈጸም ይችላል ወይ የሚለውን ነው፤ መልሱም አይችልም፣ ሥልጣኑ የኮንግረስ ነው የሚል ሆነ። ትራምፕ በዐመፅ ተሳትፈዋል ወይስ አልተሳተፉም በሚለው ላይ ምንም አላለም። ስለዚህ «ነፃ ተባሉ» የሚለውም ሆነ «ጥፋተኛነታቸው ጸና» የሚለው ወሬ በውሳኔው ውስጥ የለም።

ውጤቱንና ምክንያቱንም ለየብቻ ይቁጠሩ። ውጤቱ 9 ለ 0 ነው፤ ብዙ ሰውም እዚያ ላይ ንባቡን ያቆማል። በመጨረሻዎቹ ገጾች ግን ዳኛ ባሬት ለብቻቸው፣ ዳኞች ሶቶማዮር፣ ኬገንና ጃክሰን ደግሞ በአንድነት፣ የቀሩት አምስቱ ዳኞች የኮንግረስን ሚና በተመለከተ ከሚያስፈልገው በላይ ርቀው ሄደዋል ሲሉ በምክንያቱ ተለይተዋል። ለወደፊት ክርክር የሚመዘዘው፣ በእኔ ግምት፣ ይኸው ልዩነት ነው።

በመጨረሻም ቀኑን ከምርጫው ቀን ጋር ያስተያዩ። የኮሎራዶ የፓርቲ ዕጩ መምረጫ የተካሄደው በማግስቱ፣ ማርች 5 ነበር፤ የግዛቲቱ ውሳኔ አፈጻጸም ታግዶ ስለቆየም የትራምፕ ስም አስቀድሞ በታተመው ወረቀት ላይ ሰፍሮ ነበር።