የኪችን ካቢኔት መጋጠሚያ ውሃ እንዳያስገባ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቺፕውድ (ከእንጨት ፍርፋሪ ተጨፍልቆ የተሠራ ጣውላ) ውሃ የሚጠጣው በተቆረጠው ጠርዙ ነው። ላዩ ላይ የተለጠፈው ፎርማይካ እያብረቀረቀ ሥሩ እንደ ቦካ ሊጥ ይነፋል፤ አንዴ ካበጠ ደግሞ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም።

በነጭ ሲሚንቶ መድፈን። የግድግዳው ሴራሚክ ሲያልቅ በተረፈው ነጭ ሲሚንቶ ካቢኔቱ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን መጋጠሚያም መዝጋት የተለመደ ነው። ግድግዳው ከቦታው አይነቃነቅም፤ ካቢኔቱ ግን ዕቃ ሲጫንበት ይረግባል፣ እንጨቱም በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። ሲሚንቶ መለጠጥ ስለማይችል ይሰነጠቃል፤ ለውሃ ደግሞ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትበቃዋለች። እዚያ ቦታ የሚያስፈልገው እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው ሲልከን ነው።

በአሮጌው ሲልከን ላይ መደረብ። አዲሱ አሮጌውን አይዝም፤ በጥቂት ወራት እንደ ልጣጭ ይነሳል። አሮጌውን በከተር ይቁረጡ፣ ቅሪቱን በምላጭ ይፋቁ፣ ሻጋታውን በበረኪና አጥበው ያለቅልቁ፣ ሲደርቅ በአልኮል ይጥረጉ። በነጭ ጋዝ አይጥረጉ፤ ቅባት ይተዋል።

ሳይደርቅ መዝጋት። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ውሃው ውስጥ ታፍኖ እንጨቱን ያበሰብሳል። የጎንደር ሐምሌና ነሐሴ ለዚህ ሥራ አይመቹም። ግድ ከሆነ ሲንኩን ሳይጠቀሙ 3 ቀን ያህል በማራገቢያ ያድርቁ። በበጋ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ሲልከን የሚጠነክረው የአየሩን እርጥበት ስቦ ስለሆነ በጥርና በየካቲት ደረቅ አየር ይዘገያል። ላዩ ቆዳ ማበጀቱ አያታልልዎ፤ በ24 ሰዓት የሚጠነክረው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ብቻ ስለሆነ 2 ቀን ውሃ አያስነኩት።

ያገኙትን ሲልከን መግዛት። ኮምጣጤ የሚሸተው እብነ በረድን ይበላል፤ ለድንጋይ ኒውትራል የሚባለውን ይጠይቁ። አክሪሊክ የሚባለው መሙያ ደግሞ ሲንክ አጠገብ አይሆንም። ነጩም ቢሆን እርድ በሚፈስበት ቤት ንጣቱ አይቆይም፣ ግራጫ ይሻላል።

ሲቀቡ ከመስመሩ ግራና ቀኝ የወረቀት ፕላስተር ይለጥፉ፣ ሳያቋርጡ ይሙሉ፣ በ5 ደቂቃ ውስጥ አለስልሰው ቆዳ ሳያበጅ ፕላስተሩን ያንሱ። በ6 ሚሊ ሜትር ስፋትና ጥልቀት 300 ሚሊ ሊትር ቱቦ 8 ሜትር ገደማ ይሸፍናል።

የሲንኩን ቁርጥ መርሳት። ሲንኩ ከመግባቱ በፊት የተቆረጠውን ጠርዝ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ወይም የዘይት ቀለም ይቀቡት፤ ሲንኩ ከገባ በኋላ አይደረስበትም። ውሃ በጠፋ ጊዜ ጀሪካን መጋጠሚያው ላይ ማስቀመጥም ጣጣ አለው፦ ባለ 20 ሊትሩ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፣ ጠፍጣፋውን ወደ ታች ይጎትታል፣ ሥሩም ሁሌ እርጥብ ነው።

ያበጠውን ሸፍኖ ማለፍ። በጣት ሲጫኑት ከተፈረፈረ ማጣበቂያ አያድነውም፤ ያ ቁራጭ ተቆርጦ ይተካ። እንጨቱ ጠንካራ ሆኖ ፎርማይካው ብቻ ከተነሳ ግን አድርቀው በኮላ ይለጥፉና 24 ሰዓት ክብደት ይጫኑበት።

ሲጨርሱ፣ 2 ቀኑ ካለፈ በኋላ፣ ከካቢኔቱ ሥር ሶፍት ዘርግተው በመጋጠሚያው ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ ያፍስሱ፣ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ሶፍቱ ከረጠበ ሁሉንም ማፍረስ አያስፈልግም፤ ካረጠበው ቦታ ግራና ቀኝ 5 ሳንቲ ሜትር ጨምረው የዚያን ቦታ ሲልከን ብቻ ቆርጠው እንደ አዲስ ይሙሉት።