ቃሉን በሰው ቋንቋ ይዘን ስንወጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ የተቀዳ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ከድሬዳዋ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚወጡ ወጣቶች አሉ። እወዳቸዋለሁ። ፀሐዩን ችለው፣ የራሳቸውን ብር ከፍለው ነው የሚሄዱት። ግን ያው ስህተት ሲደጋገም ዝም ብሎ ማየት አልቻልኩም።

ከሁሉም የሚብሰው «ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ቀረጻው ያልቃል፣ ልጁ ስፒከሩን ይዘጋና «ገባችሁ አይደል?» ይላል። ሁሉም «አዎ» ይላል። ሌላ ምን ይበል? እንግዳ ናችሁ፣ ከከተማ ድረስ መጥታችኋል። «አልገባኝም» ብሎ እንግዳ የሚያሳፍር ሰው በእኛ አገር የለም። ከዚያ «ሕዝቡ በደንብ ተረድቷል» ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። እባካችሁ ይሄን ጥያቄ ተዉት! «እስቲ የሰማችሁትን መልሳችሁ ንገሩን» በሉ።

አንድ ጊዜ በቢዮ አዋሌ በኩል ባለች መንደር ማርቆስ ምዕራፍ 4ን ከፈትን፣ ማዕበሉ የተነሳበትን ታሪክ። ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ሰማ። ሲያልቅ አንዲት እናት እንዲተርኩልን ጠየቅናቸው። ጎርፍ መጣ፣ ሰዎቹን ሊወስድ ሲል ኢየሱስ ተነስቶ ጎርፉን አቆመው አሉን። ሐይቁም ጀልባውም የለም። እሳቸው የሚያውቁት አደገኛ ውሃ ከተራራ ወርዶ ደረቁን ወንዝ በአንዴ የሚሞላው ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ከተማችን ላይ ያደረሰውን ያየ ሰው ይረዳቸዋል። አጠገባቸው የነበሩ አዛውንት ግን «የለም፣ እንደ ሐረማያ ያለ ነው» አሉ። ሐይቁ ከመድረቁ በፊት ሰዎች ጀልባ ላይ ሆነው ዓሣ ሲያጠምዱ አይተዋል። እሳቸው አስረዱ፣ እኛ ቀረጻውን እንደገና ከፈትን። ያኔ ጥያቄው መጣ። ውሃው ጀልባው ውስጥ እየገባ እሱ እንዴት ተኛ? ለምን ቀድመው አልቀሰቀሱትም? ጨዋታው እስኪመሽ ቀጠለ። «ገባችሁ?» ብለን ቢሆን «አዎ» ተባብለን እንለያይ ነበር።

ቀረጻ ይዞ ሄዶ ከአማርኛው ላይ በቃል መተርጎምም አለ። ለምን? አፋን ኦሮሞ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ ካገኘ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የኦኔሲሞስ ነሲብ ትርጉም የታተመው በ1899 እ.ኤ.አ. ነው። ኦኔሲሞስ በልጅነቱ ከአገሩ ተነጥቆ በባርነት የተሸጠ ሰው ነበር። ስለዚህ የቋንቋውን ለዛ በማሟላት ትልቅ ድርሻ የነበራት እንደ እሱ ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ ናት። እሱ እንኳ ቋንቋው አፏ ላይ ካለ ሰው ጋር ተቀምጦ ሠርቷል። እናንተ በገበያ አፋን ኦሮሞ ጳውሎስን ቆማችሁ ልትተረጉሙ አትሞክሩ።

የወለጋና የሐረርጌ አነጋገር ደግሞ ይለያያል። የምዕራቡን ቀረጻ የሰማ የሐረርጌ ገበሬ ሐሳቡን ሊይዝ ይችላል፤ ሰፈሩ የመጣ ነገር ግን አይመስለውም። በምሥራቁ አነጋገር የተቀዳ ካለ እሱን አስቀድሙ፣ ከሌለም የዚያው አካባቢ ሰው አብሯችሁ ይቀመጥ።

ስንዴ፣ ዘይት ወይም ብር ከቃሉ ጋር አታያይዙ። የተራበ ካለ አብሉ፣ ሰማም አልሰማም። ሰው ለእህል ብሎ እንዲሰማ ማድረግ ቃሉንም ሰውየውንም ማዋረድ ነው።

ሽማግሌዎችን ሳያናግሩ ስፒከር መክፈት ነውር ነው። አብዛኛው ጎረቤት ሙስሊም ነው፤ በአዛን ሰዓት ዝጉት፣ በሌላውም ጊዜ ድምፁን ለተቀመጡት ብቻ አድርጉት። በገበያ ቀን አትሂዱ፣ ሰው አታገኙም።

ጽሑፍ የምትሰጡ ከሆነ ወጣቱ የሚያነበው በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል ነው፤ ፊደል የቆጠሩ አዛውንቶች ግን በግዕዝ ፊደል የታተመውን ይመርጣሉ። ሳትጠይቁ አትስጡ።

ሚሞሪ ካርዱን ደግሞ በቤታችሁ አዘጋጁት። ብዙ ተራ ስልክ ከ32 ጊጋ በላይ የሆነ ካርድ አያነብም። የፋይሎቹን ስም በቁጥር ጀምሩ፣ 01፣ 02 እያላችሁ፤ አለዚያ ስቅለቱ ከልደቱ ቀድሞ ይከፈታል። መዝሙር አብራችሁ አትሙሉበት፤ ሰው መዝሙሩን ያገኝና ሉቃስን ሳያገኘው ይቀራል። ከመውጣታችሁ በፊት ከሰፈር ሰው ባለ ቁልፍ ስልክ ተዋሱና ካርዱን ከትታችሁ ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው ሞክሩት።